ሕፃኑን ብርድ የሚያገኘው የት ነው?

አራስ ጥየቃ የሄደ ሰው ያውቀዋል። በሩን ገና ገርበብ ከማድረግዎ ከውስጥ «ዝጉት፣ ዝጉት! ብርድ ይገባል!» ይባላሉ። መስኮቱ በጨርቅ ተወትፏል። አራሷ ራሷን በሻሽ አስራ፣ ጋቢ ደርባ፣ ገንፎዋን ይዛ ተቀምጣለች። ብርድ የአራስ ጠላት መሆኑን እናቶቻችን ከማንም ሳይማሩ ያውቁታል።

የሚገርመው ሌላው ነው። ለእናቲቱ እንዲህ የሚጠነቀቀው ቤት ልጁን በተወለደ በሰዓቱ ሳፋ ውስጥ ነክሮ ሲያጥበው ኖሯል። ከእናቱ ይልቅ ብርዱ የሚጎዳው እሱን ሆኖ ሳለ።

ይህን ያነሳሁት በሰው ባህል ለመሳቅ አይደለም። ማዋለጃ ክፍል ውስጥም፣ አምቡላንስ ውስጥም፣ ትልቅ ሆስፒታል ኮሪደር ላይም የሚሆነው ከዚህ ብዙ አይለይም። ሁሉም ስለ ብርድ ያወራል። ልጁ ግን ሰው ሌላ ነገር ላይ ሲጠመድ ይቀዘቅዛል።

አንድ ጤነኛ ጨቅላ የሰውነት ሙቀቱ ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ ሴልሺየስ መሆን አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት ከዚያ በታች ያለውን በሦስት ይከፍለዋል። ከ36 እስከ 36.4 ቀላል፣ ከ32 እስከ 35.9 መካከለኛ፣ ከ32 በታች ከባድ ነው። ልብ በሉ፣ ለእኛ ምንም የማይመስለን የአንድ ዲግሪ ልዩነት ለእሱ ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው የሚያሻግር ነው።

አሁን የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች በዓይነ ኅሊናችሁ እዩዋቸው። ደብረ ብርሃን ወይም ደባርቅ፣ ሌሊት፣ ጥቅምት ውስጥ። ልጁ ዘጠኝ ወር ከቆየበት ሙቅ ውኃ ወጣ። ሰውነቱ እርጥብ ነው። እርጥበቱ ሲተን ሙቀቱን ይዞበት ይሄዳል። አዋላጇ እትብቱን ቆርጣ ወደ ሚዛኑ ወሰደችው። ሚዛኑ ብረት ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲቀዘቅዝ ያደረ ብረት። ጀርባው ሲነካው ሙቀቱ ወደዚያም ሄደ። አንድ ሰው ጓንት ለማምጣት በሩን ከፈተ፣ ነፋስ ገባ። ይህ ሁሉ ባይሆን እንኳ ከጎኑ ያለው ቀዝቃዛ ግድግዳ ሳይነካው ሙቀቱን ይስብበታል። አራት መንገድ ነው፤ አራቱም በአንድ ጊዜ ክፍት ናቸው።

ማዋለጃ ክፍል ከ25 እስከ 28 ዲግሪ መሞቅ አለበት ይባላል። እዚያ ሙቀት ውስጥ ጋውን ለብሶ የሚሠራ ሰው ላብ በላብ ይሆናል። ስለዚህ ክፍሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚሞቀው ለሠራተኛው በሚመቸው ልክ ነው። ለልጁ የሚመቸው ልክ ሌላ ነው።

እኛ ሲበርደን እንንቀጠቀጣለን። መንቀጥቀጥ ጡንቻን ያሠራል፣ ሙቀትም ይሰጣል። ጨቅላ ይህን አይችልም። ያለው በትከሻዎቹ መካከል፣ በአንገቱና በኩላሊቶቹ ዙሪያ የተቀመጠ ቡናማ ስብ ነው። ሲበርደው እሱን ያነዳል። ይህ ስብ ደግሞ በብዛት የሚጠራቀመው በእርግዝናው የመጨረሻ ሳምንታት ነው። በሰባት ወር የተወለደ ልጅ ስንቁ ሳይቋጠርለት መንገድ እንደወጣ ሰው ነው። ቆዳው ስስ ነው፣ ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር የገላው ስፋት ትልቅ ነው፣ የሚያነደው ነገር ግን የለውም።

ከዚያ በኋላ ያለው ተያያዥ ነው። የበረደው ልጅ ለመሞቅ ስኳርና ኦክስጅን ያቃጥላል። ስኳሩ ሲያልቅ ይደክማል። ሲደክም ጡት መሳብ ያቅተዋል። ካልጠባ ስኳር ከየት ይምጣ? የባሰ ይቀዘቅዛል። ትንፋሹ ይቀንሳል፣ ለበሽታ ይጋለጣል። በደቡብ ኔፓል ከ23 ሺህ በላይ ጨቅላዎችን በየቤታቸው የተከታተለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2010 ወጥቶ ነበር። የልጁ ሙቀት በአንድ ዲግሪ በወረደ ቁጥር የመሞት ዕድሉ በ80 በመቶ ገደማ እንደሚጨምር አሳይቷል።

የእኛም ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2018 አምስት የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ውስጥ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ልጆችን ሞት ምክንያት የመረመረ ትልቅ ጥናት ተካሂዷል። ዋና ገዳይ ሆነው የተገኙት የሳንባ አለመጠንከር፣ ኢንፌክሽንና መታፈን ናቸው። ለሞቱ አስተዋጽኦ ካደረጉ ነገሮች ቀዳሚው ግን ብርድ ነበር፤ ከሞቱት ልጆች ከግማሽ በሚበልጡት ላይ ተገኝቷል። ብርድ ብቻውን ገዳይ ተብሎ እምብዛም አይመዘገብም። ግብረ አበር ነው። ሌላው ሲከሰስ እሱ ሾልኮ ይሄዳል።

አንዳንዴማ ጭራሽ አይታይም። ብዙ ጤና ጣቢያ ውስጥ ያለው ተራ ቴርሞሜትር የተሠራው ትኩሳት ለመለካት ነው። ቁጥሩ የሚጀምረው ከ35 ነው። ሙቀቱ እስከ 33 ዲግሪ የወረደ ልጅ ብብት ውስጥ ብታስገቡት የልጁን ሙቀት ሊነግራችሁ አይችልም። ዝቅ ብሎ የሚያነብ ቴርሞሜትር አለ፣ ውድም አይደለም። ማሞቂያ ስለመግዛት ከማውራታችን በፊት እሱ ይግባ እላለሁ።

እንግዲህ ወደ ማሞቂያው። እኛ አገር «ልጁ ሙቀት ክፍል ገባ» ሲባል ብዙ ሰው በሐሳቡ የሚያየው የመስተዋት ሣጥኑን፣ ኢንኩቤተሩን ነው። የሣጥኑ ታሪክ ከዶሮ ይጀምራል ብል ቀልድ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ መጨረሻ ስቴፋን ታርኒየር የተባለ የፓሪስ የማህፀን ሐኪም የእንስሳት ማቆያ ቦታ ሄዶ የዶሮ እንቁላል መፈልፈያ አየ። ያንኑ ለሕፃን አሠራ። እሱ በሚሠራበት ሆስፒታል ከ2 ኪሎ በታች ሆነው ከሚወለዱት 66 በመቶው ይሞቱ ነበር፤ ወደ 38 በመቶ ወረደ። በሙቅ ውኃ የሚሞቅ የእንጨት ሣጥን ነው ይህን ያደረገው።

የዛሬው ኢንኩቤተር እስከ 20 ሺህ ዶላር ሊያወጣ ይችላል። ዶላሩን ወደ ብር መንዝሩትና፣ በተለይ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ባለው ምንዛሪ፣ ለአንድ ወረዳ ሆስፒታል ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ተገዝቶ ቢመጣ ደግሞ መብራት ይፈልጋል። ማጣሪያ፣ ሴንሰር፣ መለዋወጫ፣ የሚጠግነው የባዮሜዲካል ባለሙያ ይፈልጋል። አንዱ ሲበላሽ ሌላው ውስጥ ሁለት ሦስት ልጅ ይተኛል፤ የአንዱ ኢንፌክሽን ለሁሉም ይዳረሳል። በድሃ አገሮች ያሉ የሕክምና መሣሪያዎችን የቆጠረ ጥናት 40 በመቶ ገደማው ከአገልግሎት ውጪ መሆኑን አግኝቷል። የሆስፒታል ጓሮ ያየ ሰው አይደንቀውም።

ይህን ችግር ለመፍታት ከተሞከሩት አንዱ ዝነኛ ነው። አንድ የአሜሪካ የዲዛይን ቡድን «መኪና የትም ይጠገናልና ኢንኩቤተሩን ከመኪና ዕቃ እንሥራው» አለ። በመኪና መብራት የሚሞቅ፣ በመኪና ባትሪ የሚሠራ ሣጥን ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ2010 ታይም መጽሔት ከዓመቱ ምርጥ 50 ፈጠራዎች አንዱ አደረገው። ሆስፒታል ግን አልገባም፤ ማንም በብዛት አላመረተውም። የቡድኑ መሪ ቆይቶ ራሱ በአደባባይ ተናግሮታል፤ ሽልማት የሚያስገኝ ዕቃ መሥራትና ሰው የሚጠቀምበት ዕቃ መሥራት ለየቅል ናቸው። ይህን ሳይደባብቅ በመናገሩ አከብረዋለሁ።

ሌላኛው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2007 ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ክፍል የተነሡ ተማሪዎች ናቸው። የተሰጣቸው ሥራ ርካሽ ኢንኩቤተር መሥራት ነበር። አንደኛው ኔፓል ሄዶ ካትማንዱ ያለ ሆስፒታል ገባ። ያየው ነገር ሐሳባቸውን ገለበጠው። ኢንኩቤተሮች አሉ። ብዙዎቹ ግን ባዶ ናቸው። ልጆቹስ? ልጆቹ ገጠር ናቸው፤ ሆስፒታሉ ጋ ሳይደርሱ ይሞታሉ።

ለእኔ የነገሩ ቁልፍ እዚህ ነው። ኢንኩቤተሩ መንገዱ መጨረሻ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ብርዱ የሚገባው ግን መንገዱ ላይ ነው። ከማዋለጃ አልጋው ወደ ሚዛኑ። ከሚዛኑ ወደ ሙቀት ክፍሉ፣ ሊፍት በሌለው ደረጃ። ከጤና ጣቢያው ሪፈር ተጽፎ እስከ ሆስፒታሉ ባለው ኮረኮንች፣ አንዳንዴ በአምቡላንስ፣ አንዳንዴ በባጃጅ። እናቲቱ ኦፕራሲዮን ላይ ሳለች ልጁ ብቻውን በሚቆይበት አንድ ሰዓት። ርካሽ ማሞቂያ ጥሩ ነው መጥፎ ነው የምንለው እነዚህን ክፍተቶች መሙላት በመቻሉ እንጂ በዋጋው መሆን የለበትም።

እነዚያ ተማሪዎች የሠሩት ኤምብሬስ የተባለ ትንሽ የመኝታ ከረጢት ነው። ጀርባው ላይ ሰም መሰል ነገር የያዘ ቦርሳ ይገባል። ሻማ አቅልጣችሁ ታውቃላችሁ? ሰም ሲቀልጥ ሙቀት ይጠጣል፤ ተመልሶ ሲረጋ የጠጣውን ቀስ እያለ ይተፋል። ረግቶ እስኪያልቅ ድረስ ደግሞ ሙቀቱ ከአንድ ቦታ ብዙ ንቅንቅ አይልም። ይኼኛው ሰም የሚረጋው ከሰው ገላ ሙቀት ጋር በሚቀራረብ፣ በ37 ዲግሪ አካባቢ ነው። አንዴ ከሞቀ ለአራት ለስድስት ሰዓት ልጁን በልኩ ያሞቀዋል፤ ሶኬት አይፈልግም። ዋጋው ጥቂት መቶ ዶላር ነው። ቦስተን ያሉ ሐኪሞችና የበርክሌይ ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች ደግሞ በዚሁ ዓይነት ሰም ድሪም ዋርመር የሚባል ፍራሽ ሠርተዋል። እሱን ለማሞቅ የፈላ ውኃ ብቻ ይበቃል፤ የሩዋንዳ ሆስፒታሎች ውስጥ ተሞክሯል። ማንቆርቆሪያ ያለበት ቦታ ሁሉ ይሠራል ማለት ነው። ይህ እኛን ይመለከተናል።

የሰሙ ጥቅም ይበልጥ የሚታየው ሰው በብልኃቱ ከሚጠቀምበት አማራጭ ጋር ሲነጻጸር ነው። በሃይላንድ ጠርሙስ ሙቅ ውኃ ሞልቶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ልጁ ጎን ማስተኛት የተለመደ ነው። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ግን ጠርሙሱ መጀመሪያ ያቃጥላል። ጨቅላ ደግሞ ተቃጠልኩ ብሎ ገለል አይልም። ጥቂት ቆይቶ ያው ጠርሙስ ይቀዘቅዝና ሙቀቱን መልሶ ከልጁ ይወስዳል። ሰሙ ከ37 ብዙ ስለማይዘልቅ አያቃጥልም። ከሰል ማንደድ ከዚህም የከፋ ነው። በተወተፈ ቤት ውስጥ የከሰል ጭስ ልጁንም እናቱንም ሊገድል ይችላል፤ ጭሱ ባይታይ እንኳ።

ሰሙም እንከን አለው። ከእያንዳንዱ ልጅ በኋላ መታጠብ አለበት። አንድ ሰው ሰዓቱን ይዞ መልሶ ማሞቅ አለበት። የቀዘቀዘ ፍራሽ ላይ የተኛ ልጅ «መሣሪያ ላይ ነው» ተብሎ የሚረሳበት ዕድልም አለ። ይህን አቅልለን ማየት የለብንም። ማሞቂያ ላይ ያለ ልጅም ቢሆን ሙቀቱ በየጊዜው ካልተለካ ትርጉም የለውም። ሙቀቱ ከ37.5 ቢያልፍም ይጎዳዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚረክሰው ተራ ንጹሕ ፌስታል ነው። እውነቴን ነው። ያለ ጊዜው የተወለደውን ትንሽ ልጅ፣ ጭንቅላቱ ብቻ ወጥቶ፣ ገላውን ፕላስቲክ ውስጥ ማስገባት ውኃው እንዳይተን ይከለክላል። ሉሳካ፣ ዛምቢያ ውስጥ በ104 ልጆች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2013 ውጤቱ ታትሟል። ፕላስቲክ ከተደረገላቸው 59 በመቶው ትክክለኛ ሙቀት ላይ ተገኙ፤ ካልተደረገላቸው 33 በመቶው ብቻ። ኮፍያ ከላይ ይደረግለታል፣ ባለሙያ አጠገቡ ይሆናል። ቤት ውስጥ የሚሞከር ነገር ግን አይደለም፤ ፊቱን ከሸፈነ ያፍነዋል።

ከርካሾቹ ሁሉ ርካሹ፣ ለእኔም ከሁሉ የሚበልጠው፣ የእናት ደረት ነው። ይህን እንደ ስብከት አትውሰዱብኝ፤ ቁጥሩን እዩ። ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ቦጎታ፣ ኮሎምቢያ ነው። ኤድጋር ሬይ የሚባል ሐኪም ኢንኩቤተር አጥሮት፣ ያለውም ተጨናንቆ ኢንፌክሽን ሲያስቸግረው፣ ልጆቹን ራቁታቸውን በእናቶቻቸው ጡቶች መካከል አስሮ አስቀመጣቸው። የካንጋሮ እንክብካቤ ተባለ። አዲስ አበባ ውስጥ ዶክተር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው ይህንኑ በተወለዱበት ቀን ከሚጀምሩ ከ2 ኪሎ በታች ልጆች ጋር ሞክረው እ.ኤ.አ. በ2005 አሳትመዋል። በተለመደው መንገድ ከታከሙት 38 በመቶው ሞቱ። በእናታቸው ደረት ላይ ከዋሉት የሞቱት 22.5 በመቶ ናቸው። ይህ የእኛው ሆኖ ሳለ ብዙ ሰው አልሰማውም።

ዓለም በሙሉ ልቡ ያመነው ግን ቆይቶ ነው። ጋና፣ ሕንድ፣ ማላዊ፣ ናይጄሪያና ታንዛኒያ ውስጥ ከ1 ኪሎ እስከ 1.8 ኪሎ የሚመዝኑ 3,211 ልጆችን ያካተተ ጥናት በ2021 ወጣ። ቀድሞ «መጀመሪያ ልጁ ይረጋጋ፣ ከዚያ ለእናቱ ይሰጣል» ይባል ነበር። ጥናቱ ወዲያው እንደተወለዱ የጀመሩትን ከዘገዩት ጋር አነጻጸረ። ወዲያው ከጀመሩት 12 በመቶው፣ ከዘገዩት 15.7 በመቶው ሞቱ። ልዩነቱ ግልጽ ስለሆነ ጥናቱ ከታሰበለት ጊዜ በፊት ቆመ። በ2022 የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያውን ቀየረ። ወዲያው ይጀመር፣ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት ይሁን አለ።

ታዲያ ለምን በየቦታው አናየውም? ምክንያቱ እናቶች አይደሉም። ሙቀት ክፍሉ የተሠራው እናት የሌለችበት ቦታ ሆኖ ነው። ልጁ ውስጥ ነው፣ እሷ ኮሪደር ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ናት፤ በየሦስት ሰዓቱ «እናት አጥቢ!» ሲባል ትገባለች። ሙሉ ቀን ልጁን ደረቷ ላይ እንድትይዝ ከተፈለገ ደገፍ የምትልበት ወንበር፣ አልጋ፣ ምግብ፣ ሽንት ቤት ያስፈልጋታል። ኢንኩቤተር ሲመጣ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሣል። አልጋ ወንበር ሲመጣ ማን ሪባን ይቆርጣል? በ2025 የአሜሪካ እርዳታ በአብዛኛው ከተቋረጠ ወዲህ ደግሞ ዕቃ ከውጭ ይመጣል ብሎ መቀመጡም እንደ ድሮው አያስተማምንም። ወንበርና አልጋው እዚሁ ይሠራል።

አባትም ይችላል። አያትም፣ አክስትም። እናቲቱ ኦፕራሲዮን ላይ ከሆነች ወይም መንታ ከወለደች ሌላ ደረት ያስፈልጋል። አንድ ጎልማሳ አባወራ ሸሚዙን ከፍቶ፣ በነጠላ ታስሮ፣ ልጁን አቅፎ ኮሪደር ላይ መቀመጡ መጀመሪያ ያሳፍረዋል። ሌላው ሲያየው ፈገግ ይላል። ሁለተኛው አባት ሲቀመጥ ግን ነገሩ ያበቃል።

እንዲህ ስል የመስተዋቱ ሣጥን አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። መተንፈስ ላቃተው፣ ኦክስጅንና ግሉኮስ ለተተከለለት ልጅ፣ ወይም እናቱ በጠና ለታመመችበት ልጅ ጥሩ የሚሠራ ማሞቂያ ግድ ነው። የማልስማማው ልጁ ገና ሳይበርደው በፎጣ ማድረቅና ኮፍያ ማድረግ እንደ ሕክምና የማይቆጠርበት፣ ከበረደው በኋላ ግን ሚሊዮን ብር የሚወጣበት ስሌት ነው።

አንድ ነገር ሳልል ላልፍ አልችልም። ብዙ ጊዜ ሪፈር ተብሎ የሚመጣ ልጅ ሦስት ጋቢ ተጠቅልሎ ይመጣል። ሲገለጥ ግን እግሩ በረዶ ነው። ቤተሰቡ ግራ ይጋባል፤ «እንዲህ ሸፍነነው?» ይላል። ጋቢ ሙቀት አይሠራም። ያለውን ብቻ ይይዛል። የሞቀ ልጅ ብትጠቀልሉበት እንደሞቀ ያቆየዋል፣ የቀዘቀዘ ልጅ ብትጠቀልሉበት እንደቀዘቀዘ ያቆየዋል። ያ ልጅ በመንገዱ ሁሉ የሚያስፈልገው ሙቀት የሚሰጥ ነገር ነበር። ሰም ቢገኝ ሰሙ። ባይገኝ እናቱ ልብሷን ገልጣ፣ እርጥቡን ጨርቅ አውልቃ፣ ኮፍያና ዳይፐር ብቻ አድርጋለት ደረቷ ላይ ብታስረው፣ ጋቢውም ከላይ ቢደረብ።

ቤት ላላችሁ፣ መለኪያ ባይኖርም እጅ አለ። በእጃችሁ ጀርባ ሆዱን፣ ከዚያ እግሩን ንኩ። ሁለቱም ሞቅ ካሉ ደህና ነው። ሆዱ ሞቆ እግሩ ከቀዘቀዘ በርዶታል፤ ወደ ደረት። ሁለቱም ከቀዘቀዙ ደረት ላይ አድርጋችሁ ወደ ጤና ተቋም፣ ሳትዘገዩ። ገላውን ቢያንስ ለ24 ሰዓት አትጠቡት። ሲወለድ ገላው ላይ ያለው ነጭ ቅባት መሰል ነገር ቆሻሻ አይደለም፣ ቆዳውን ይጠብቃል። ይህን ለአያቶች ስትነግሩ «ልጁ ብርድ እንዳይመታው ነው» በሏቸው። ብርድ ካላችኋቸው ይሰማሉ።

እናቶች ደጋግመው የሚጠይቁት ጥያቄ አለ። እስከ መቼ ነው ደረቴ ላይ የማስረው? ኪሎውም ሳምንቱም ይታያል፤ 2.5 ኪሎ ገደማ ሲደርስ ይባላል። ግን ልጁ ራሱ ይናገራል። አንድ ቀን መንፈራገጥ ይጀምራል። እጁን ከነጠላው ያወጣል፤ መልሳችሁ ስታስገቡት ያለቅሳል። ሞቆታል ማለት ነው።